ከማኅበራዊ ሠራተኞች ማስታወሻ፦ ስክሪኑ የተሳሳተ ዕለት



የዛሬው ጉዳያችን በፋብሪካ የሚሠሩ ወገኖቻችንን ሁሉ ይመለከታል። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የምግብ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት የሠሩ አባት በዕብራይስጥ የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው ወደ ቢሯችን መጡ። ደብዳቤው የሺሙዓ ጥሪ ነበር። ሺሙዓ ማለት አሠሪው ሠራተኛውን ለማሰናበት ከመወሰኑ በፊት ቃሉን የሚሰማበት ስብሰባ ነው። «ቫልቭ ያለ ፈቃድ ከፍተው ታንከር እንዲፈስ አድርገዋል» ይላል ክሱ።

«ልጆቼ፣ አዲስ ባካር ይመጣል ሲሉኝ ከብት መስሎኝ ነበር» አሉን እየሳቁ። እውነት ነው፤ በዕብራይስጥ ከብትም ባካር ነው፣ የማሽን ተቆጣጣሪም ባካር ነው። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ታንከሩ ሙሉ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ስክሪኑ ግማሽ ነው ይላል። በእኔ ዕብራይስጥ ከኮምፒዩተር ጋር ልከራከር?»

ነገሩ እንዲገባን ባካር ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ባካር በማሽኑ አጠገብ የሚቀመጥ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ከሴንሰሮች ወሬ ይቀበላል፣ የተጻፈለትን ፕሮግራም ያነባል፣ ለፓምፑና ለቫልቩ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ይህንንም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋግማል። የታንከር ሴንሰር ብዙውን ጊዜ የሚናገረው በኤሌክትሪክ መጠን ነው፦ 4 ሚሊአምፔር ባዶ፣ 20 ሚሊአምፔር ሙሉ። ባዶው ከ0 ያልጀመረው በምክንያት ነው። 0 ከመጣ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነውና።

ፋብሪካው ባካሮቹን ሁሉ ከአንድ የመቆጣጠሪያ ክፍል ጋር ሲያገናኝ ደግሞ የጋራ ቋንቋ ያስፈልጋል። ከነዚህ ቋንቋዎች አንዱ በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞድባስ ነው፤ ዛሬም በብዙ ፋብሪካዎች ይሠራበታል። በዚህ ቋንቋ የየታንከሩ መጠን በባካሩ ውስጥ በተራ ቁጥር ይቀመጣል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በመመሪያው መጽሐፍ ቆጠራው ብዙ ጊዜ ከ1 ይጀምራል፤ በሽቦው በሚሄደው መልእክት ግን ከ0 ይጀምራል። ይህን ያላስተዋለ ባለሙያ 3ኛውን ሲጠይቅ የ4ኛው መልስ ይመጣለታል። ሽቦው ደኅና ነው፣ ባካሩ ደኅና ነው፣ ቁጥሩም የሚታመን ይመስላል፤ ነገር ግን የጎረቤት ቁጥር ነው።

በእኒህ አባት ፋብሪካ የሆነውም ይኸው ነበር። 3ኛው ታንከር ሞልቶ ሳለ ስክሪኑ የ4ኛውን መጠን ያሳይ ነበር። በመቆጣጠሪያው ክፍል የተቀመጠው ሰው ስክሪኑን አምኖ ፓምፑን አስነሣ። ትኩስ የኮስቲክ ሶዳ ማጠቢያ ወለሉን አጥለቀለቀው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም።

ሺሙዓው ላይ አብረናቸው ቀረብን። እርሳቸው በአማርኛ ተናገሩ፣ እኛ ተረጎምን፦ «ስክሪኑ 3ኛው እያለ የሚያወራው ስለ 4ኛው ነው።» ቴክናዩ ተጠርቶ ከ4ኛው ታንከር ጥቂት ቢቀንስ፣ በስክሪኑ ላይ የ3ኛው ቁጥር ወረደ። ክሱም ተነሣ። ባይናገሩ ኖሮ ሥራቸውን ያጡ ነበር፤ ስሕተቱም ሌላ ሰው እስኪያቃጥል ድረስ እዚያው በቆየ ነበር።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ የሚከተለውን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ በሥራ ቦታችሁ አዲስ ባካር ሲገናኝ እያንዳንዱ ሴንሰርና ቫልቭ ከስክሪኑ ጋር አንድ በአንድ መመሳከር አለበት። አንዱ ስክሪኑ ዘንድ፣ ሌላው ማሽኑ ዘንድ ቆሞ ይነጋገራሉ። ማሽኑ ዘንድ የምትቆሙት እናንተ ብትሆኑ መልካም ነው፤ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ በእጅ መሥራትን አትርሱ፤ ቀዩ የድንገተኛ ማቆሚያ የት እንዳለም እወቁ። በኖቬምበር 2023 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ የአሊኪፓ ከተማ የውሃ ድርጅት፣ በእስራኤል ኩባንያ የተሠራ አንድ ባካር በኢንተርኔት በኩል በጠላፊዎች እጅ ወድቆ ነበር። ሠራተኞቹ ወደ እጅ ሥራ ተመለሱ፤ ውሃውም አልተቋረጠም።

ሦስተኛ፣ ለሺሙዓ ብትጠሩ ብቻችሁን አትሂዱ። የቫዓድ ተወካይ ወይም የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ቅረቡ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ።

አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። እኛ ደጃዝማችነት አልጠየቅንም፤ የእጃችን ሥራና የዓይናችን ምስክርነት ግን አይቅርብን። ቋንቋው ቢያስቸግራችሁ ወደ እኛ ኑ፤ አብረን እንናገራለን።

ሰላም ሁኑ።