ወርቃማውና አረንጓዴው መካከል

ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ ማታ የጥልፍ ማሽኔ ሥራውን ጨርሶ ቆመ። ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘውን ፍሬም ከማሽኑ ላይ አወጣሁና ወደ መብራት አስጠጋሁት። መስቀሉ ወርቃማ፣ ጠርዙ አረንጓዴ ነው። በመስቀሉ ግራና ቀኝ ክንድ ጫፍ ላይ ግን፣ በሁለቱ ቀለሞች መካከል ነጭ መስመር ይታያል። ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ።

ነጠላው የእህቴ ልጅ ክርስትና ስትነሳ የምትታቀፍበት ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። የእኛዋ ልጅ 80ኛ ቀን እሑድ ላይ ይውላል። ጨርቁ ከሱቅ የተገዛ ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ሌላ ገዝቼ እንደገና እጀምር ነበር። ግን ጥጡን በእጇ የፈተለችው እናቴ ናት። ሸማኔ ከሠራው በኋላ በሰው እጅ ላከችልን። ዓይኗ ስለደከመም ከዚህ በኋላ እንደማትፈትል ነግራናለች።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ቃላትን እንለያቸው። «ጥበብ» ሸማኔው ጨርቁን ሲሠራ በባለቀለም ክር አብሮ የሚያወጣው ጌጥ ነው። «ጥልፍ» ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ነው። ቃሉ «ጠለፈ» ከሚለው ግስ ይመጣል። አውሮፕላን የሚጠልፍ ሰውም በዚሁ ግስ ነው የሚጠራው። ያን ዕለት ማታ እኔ የሠራሁት ለሁለተኛው ትርጉም የቀረበ መሰለኝ።

ሙያዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ስህተት ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፋይሉን ነው። ንድፉን ኮምፒውተር ላይ የሠራሁት ራሴ ነኝ። ከፈትኩና አየሁት። ስክሪኑ ላይ ወርቃማውና አረንጓዴው ፀጉር እንኳ ሳያስገቡ ገጥመዋል። «ልክ ነው» አልኩና ማሽኑን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎም ክሩን። ስህተቱ ግን እዚያው «ልክ ነው» ያልኩት ቦታ ላይ ነበር።

ማሽኑ አንድ ስፌት በሰፋ ቁጥር ክሩ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅም ጨርቁን በትንሹ ይስበዋል። አንድ ስፌት ምንም አያመጣም። የእኔ መስቀል ግን ወደ 6,000 ስፌት ነበረው። ስፌቶቹ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄዱ ጨርቁ ከግራና ከቀኝ ተሰበሰበ። ላይና ታች ደግሞ በተቃራኒው ወርቃማው ተገፍቶ ከአረንጓዴው ትንሽ አልፎ ነበር። እናንተም ክፍተት ስታዩ መጀመሪያ የስፌቱን አቅጣጫ ተመልከቱ። ክፍተቱ የስፌቱ መስመር የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ከሆነ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የጨርቁ መሳብ ነው።

በእጅ የተፈተለ ነጠላ ደግሞ ከሌላው ይብሳል። ድሩና ማጉ ጥቅጥቅ ያሉ አይደሉም። ድር ማለት ለርዝመት የሚዘረጋው ክር ነው፤ ማግ ደግሞ በመወርወሪያ ድሩን እያቋረጠ የሚገባው። በመካከላቸው አየር አለ። ነጠላን ቀላልና ለስላሳ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ክር ሲስበው ቶሎ የሚሸሸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ንድፉን ሆን ብሎ ትንሽ «ማበላሸት» ነው። የጥልፍ ሶፍትዌሮች ፑል ኮምፔንሴሽን የሚባል ቁጥር አላቸው። እያንዳንዱን ስፌት ከተሳለው መስመር አሳልፎ ያስረዝመዋል። ጠንካራ ጨርቅ ላይ በ0.2 ሚሊ ሜትር መጀመር ይቻላል፤ እንደ ነጠላ ያለ ስስ ጨርቅ 0.4 እና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። እኔ ዜሮ ላይ ነበር የተውኩት። ጠርዙም ሙሌቱን አጠገቡ ሆኖ መንካት ብቻ አይበቃውም፤ ላዩ ላይ ትንሽ መውጣት አለበት። ስክሪን ላይ ሲታይ የተሳሳተ ይመስላል። ጨርቁ ላይ ሲደርስ ነው የሚገጥመው።

ሌላም ጥፋት ነበረብኝ። ነጠላውን ፍሬሙ ውስጥ እንደ ከበሮ ወጥሬው ነበር። እንዲህ የተለጠጠ ጨርቅ ወደ ቦታው ሲመለስ ጥልፉን ይዞ ይሸበሸባል። መወጠር የነበረበት ከስር የሚደረገው ማጠንከሪያ ብቻ ነው። ነጠላው በላዩ ተዘርግቶ ዙሪያውን በሰፊ ስፌት ይያዛል፤ ያ ስፌት በኋላ ይወጣል። ነጠላ በሁለቱም በኩል ስለሚታይ እኔ የተጠቀምኩት በውሃ የሚሟሟውን ማጠንከሪያ ነው። ይህን እንኳ በትክክል አድርጌያለሁ።

ያን ማታ ግን ይህን ሁሉ በእርጋታ አላሰብኩም። በሥራዬ አንድ ነገር ሲበላሽ ወደ ኋላ መመለስ እችላለሁ። ጥልፍንም እንደዚያ ልመልሰው ፈለግኩ። ስፌት መፍቻውን አንስቼ በጀርባው በኩል በቀኙ ክንድ ያለውን አረንጓዴ ጠርዝ መቁረጥ ጀመርኩ። አሠራሩ ትክክል ነው፤ የስሩ ክር ከጀርባ ይቆረጣል፣ የላዩ ደግሞ ከፊት በወረንጦ ይለቀማል። እኔ ግን ቸኮልኩ። ከአረንጓዴው ጋር የነጠላውን ድር ቆረጥኩት። የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ወጣች።

ዓርብ ጠዋት ለእናቴ ደወልኩ። ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። እንዳትቆጪኝ።»

ስልኩን ነጠላው ላይ አዞርኩት። ዝም አለች። ከዚያ «ለምን ነካካኸው?» አለችኝ።

«ልፈታው ብዬ።»

«ጥልፉ ሲፈታ ነጠላው እንደነበረ ይቀራል ብለህ ነው? በል ስማኝ። ከነጠላው ጫፍ ከተንጠለጠለው ክር አንድ ምዘዝ። የሱቅ ክር እንዳታስገባበት፤ የራሱን ስጠው።»

እንደነገረችኝ አደረግኩ። የመዘዝኩትን ክር በመርፌ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከስር እያሳለፍኩ፣ ከቀዳዳዋ አንድ ጣት ያህል ርቄ ጀምሬ እንደ ሸማኔ ሞላሁት። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ማጠንከሪያው ገና ስላልታጠበ ጨርቁን ይዞልኝ ነበር። ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ድሩ እየተንሸራተተ ያስቸግረኝ ነበር።

ቀጥሎ ክፍተቱ። ፍሬሙን ከማሽኑ ባወጣውም ነጠላውን ከፍሬሙ አላወጣሁትም ነበር። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ፦ ጥልፉን በደንብ ሳታዩ ጨርቁን ከፍሬሙ አታውጡ። ፍሬሙ ተመልሶ ሲገባ መርፌው ያንኑ ቦታ ያገኘዋል። ጨርቁ ከወጣ ግን እንደገና በትክክል መግጠም በጣም ከባድ ነው። ለግራው ክንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ አረንጓዴ ሙሌት በኮምፒውተር ሠራሁ፤ ማሽኑም ነጩን መስመር ሸፈነው።

በቀኙ በኩል ግን የተጠገነው ቀዳዳ አለ። እዚያ ላይ መርፌው በፍጥነት እንዲወጋ አልደፈርኩም። ያንኑ አረንጓዴ ክር በቀጭን መርፌ ይዤ፣ የፈታሁትን ጠርዝና ክፍተቱን በእጄ ሞላሁት፤ የማሽኑን ስፌት አቅጣጫ እየተከተልኩ። ክፍተቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ቢሆን የክሩን ቀለም በሚመስል የጨርቅ እስክሪብቶ ነካ ማድረግ ይበቃ ነበር። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ማጭበርበር ያየዋል። እኔ አላየውም።

የክር መበጠስ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ማሽኑን ከተበጠሰበት ቦታ አሥር ስፌት ያህል ወደ ኋላ መልሱትና ከዚያ አስቀጥሉት፤ አዲሱ ክር በአሮጌው ላይ ይደረባል። ነጭ የስር ክር ወደ ላይ ብቅ ካለም ቶሎ የማሽኑን ማጥበቂያ አትነካኩ። መጀመሪያ የላዩንም የስሩንም ክር አውጥታችሁ እንደገና አስገቡ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው።

ቅዳሜ ነጠላውን ለብ ባለ ውሃ አጥቤ ማጠንከሪያውን አሟሟሁት። ፎጣ ላይ ዘርግቼ አደረቅኩት፤ በጀርባው በኩልም ተኮስኩት። ማታ እናቴ ራሷ ደወለች።

«አሳየኝ» አለች። አሳየኋት።

«ፊቱን አይደለም፤ ጀርባውን።»

ገለበጥኩት። ስልኩን እንዳቀርበው፣ ከዚያ እንዳርቀው፣ ከዚያ እንደገና እንዳቀርበው አዘዘችኝ። ደክሟል የተባለው ዓይን እንዴት እንደሚያይ አላውቅም።

«ቀኙን በእጅህ ነው የሠራኸው» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ክሩን አጥብቀኸዋል። ትንሽ ላላ አድርገው፤ ልጅ እያደገች ትሄዳለች፣ ነጠላውም ይታጠባል። ያንን የተንጠለጠለውንም ቁረጠው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጅቷ ተኛች?» ብላ ጠየቀችኝ።