ስሙ ቢለያይም ሸክሙ አንድ ነው



በየቀበሌው ት/ቤት ስንመደብ ከሚገጥሙን ነገሮች አንዱን ላንሣ። ደኅና ይማር የነበረ ልጅ እያደር ዝም ይላል፤ ብቻውን ያወራል፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ «ሊገድሉኝ ነው» ይላል። በመጨረሻም ከት/ቤት ይቀራል። ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያ የሚሉት ይህ በሽታ በብዛት የሚጀምረው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ ባለው ዕድሜ ነው። በገጠር በዚህ ዕድሜ 7ኛና 8ኛ ክፍል የሚማር አለ። እኛም ራሳችን በዚሁ ዕድሜ ላይ ነን።

ወላጆች ለበሽታው የሚሰጡት ስም እንደየአገሩ ይለያያል። በካፋ ችግር የገጠመው ቤተሰብ ኤቆ ያደረበት አላሞ ዘንድ ሄዶ የመጠየቅ ነባር ልማድ አለ። በአማራው አገር ዛር ነው፣ ሰው አሠርቶበት ነው ይባልና ጠበል ይኬዳል። የለንደን እናት ደግሞ የአንጎል ሕመም ነው የሚል ቃል ከሐኪም ትሰማለች። እሷን መንግሥት በጥቂቱም ቢሆን ይረዳታል። እኛ ዘንድ ግን ሆስፒታሉም፣ ዘበኛውም፣ ጡረታውም ቤተሰቡ ነው።

አንዳንዶቻችን ማደሪያ ቤት ስንጫወት «ኋላ ቀር ወላጆች ልጃቸውን ያስራሉ» እንላለን። ማሰር ክፉ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን አባትየው ቡና ለቀማ ሲሄድ ልጁን ማን ይጠብቅለት? ጫካ ገብቶ ቢጠፋስ? ከደካም ሆነ ከሌላ ቀበሌ ተነሥቶ ቦንጋ፣ ከዚያም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅማ ለማሳከም ቡናውም ማሩም ይሸጣል። ገንዘቡ ሲያልቅ መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ በሽታው ያገረሻል። ያኔ «ሐኪም ቤትም ሞከርን፣ አልሆነም» ይባላል። ይህ ኋላ ቀርነት ሳይሆን ድህነት ነው።

ደግሞስ ከገጠር ወላጅ የሚማሩት የለም ያለው ማነው? በለንደን የተደረጉ ጥናቶች ዘመድ ሕመምተኛውን ሲነቅፍና ሲቆጣ በሽታው ቶሎ እንደሚያገረሽ አሳይተዋል። ተመሳሳይ ጥናት በህንድ ቻንዲጋር ሲደረግ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ከለንደን ይልቅ ጥቂት ሆነው ተገኙ። «ልጄ አይደለም፣ ያደረበት ነው» የምትል እናት ልጇን አትወቅስም። ትዕግሥቷ ራሱ ግማሽ ሕክምና ነው ብዬ አምናለሁ። የጎደለው ሌላው ግማሽ ነው።

ቤተሰቡን የሚጎዳው ሌላው ነገር የሰው ዓይን ነው። በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች 178 ዘመዶች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ጥናት፣ ከመቶ 75ቱ መገለል እንደሚሰማቸው ወይም እንደደረሰባቸው ገልጸዋል። 37ቱ ሕመሙን መደበቅ ይፈልጋሉ። 65ቱ የሚመርጡት ጸሎትን ነው።

«መምህር ሐኪም አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ግን በሶዶ ወረዳ ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ የአካባቢ ሰዎች በየቤቱ እየሄዱ ሕሙማንንና ቤተሰቦቻቸውን ደገፉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ውጤት፣ በጤና ተቋም ሕክምና ላይ ይህ ድጋፍ የተጨመረላቸው ሰዎች ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን መምራት ችለዋል።

ስለዚህ እኛ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ከአባትየው ጋር በበሽታው ስም አንጣላ። «አባባ፣ ጸሎቱም ይቀጥል፣ ጤና ጣቢያም እንሂድ፤ ክኒኑ ግን አይቋረጥ» እንበል። ሁለተኛ፣ የቀረውን ልጅ ስም ከመዝገብ ለመሰረዝ አንቸኩል፤ ሲሻለው ይመለሳል። ሦስተኛ፣ በክፍላችን «እብድ» የሚል ስድብ አናስለምድ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ልክ ነው። ግን ቤተሰቡ የሚደብቀው እኛ ስለምንስቅበት ነው። እስቲ በመጀመሪያ ሣቁን እንተው።

ከአንድ ሠልጣኝ