ኤደን ከስታዲየሙ በፊት አሠልጣኙን ታስቀድም

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 የየመኗ የወደብ ከተማ ኤደን እንደ ሙሽራ ተውባ ነበር። 20ኛው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዋንጫ በእርሷና በአጎራባቿ የአብየን ግዛት ሲካሄድ፣ በአገሪቱ የውሕደት ቀን የተሰየመው የሜይ 22 ስታዲየም አምሮና ተሰናድቶ እንግዶቹን ተቀበለ። ሆቴሎች ተሠሩ፤ ሕዝቡም መቀመጫዎቹን ሞላ። የአስተናጋጇ ብሔራዊ ቡድን ግን በክሮኤሺያዊ አሠልጣኝ እየተመራ በመክፈቻው ዕለት በሳዑዲ ዓረቢያ 4 ለ 0፣ ቀጥሎ በኳታር 2 ለ 1፣ በመጨረሻም በኩዌት 3 ለ 0 ተሸንፎ ከምድቡ ተሰናበተ። ዋንጫውን ኩዌት ሳዑዲ ዓረቢያን 1 ለ 0 ረትታ ወሰደች።

ከሰባት ዓመታት በኋላ፣ መጋቢት 27 ቀን 2018፣ የመን ኔፓልን 2 ለ 1 አሸነፈች። በዚያ ድል ከውሕደቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ አለፈች። ጨዋታው የተካሄደው ግን በኤደን ወይም በሰንዓ ሳይሆን በዶሃ ነበር። የሜይ 22 ስታዲየም በ2015ቱ ጦርነት ተደብድቧል፤ የአገር ውስጥ ሊጉ ቆሞ ነበር፤ ቡድኑ «በሜዳዬ» የሚላቸውን ጨዋታዎች ሁሉ በባዕድ አገር ነው ያደረገው። በ2015 ተጫዋቾቹ ለማጣሪያ ጨዋታ የወጡት ቀይ ባሕርን በጀልባ ወደ ጅቡቲ ተሻግረው እንደነበር አይዘነጋም። ይህ ባሕር ብዙ የኢትዮጵያ ወጣቶች በተቃራኒው አቅጣጫ የሚቀዝፉበት ነውና፣ ነገሩ በሁለቱም ዳርቻ ላለ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በመጨረሻው የማጣሪያ ምድብ ስድስት ጨዋታዎችን አንድም ሳይሸነፍ የፈጸመው ይህ ቡድን አሠልጣኙ ኢትዮጵያዊው አብርሃም መብራቱ ነበሩ።

ሁለቱን ዓመታት ማነጻጸር ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኔፓልና ታጂኪስታን ሳዑዲ ዓረቢያና ኩዌት አይደሉም፤ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ ምስጋናም የተጫዋቾቹን ጽናት ያሳንሳል። ያም ሆኖ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሁሉም ነገር በተሟላበት ዓመት ያልተገኘው፣ ሁሉም ነገር በጠፋበት ዓመት እንዴት ተገኘ? መልሱ በከፊል በሣርና በብረት ሳይሆን ሰውን በማስተማር ሙያ ላይ ነው። አብርሃም በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአሠልጣኞች ኢንስትራክተር ናቸው፤ ማለትም አሠልጣኞችን የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ደመወዝ የተቋረጠባቸውን፣ ክለባቸው የተዘጋባቸውን፣ ከተከፋፈለ አገር ከየአቅጣጫው የተሰባሰቡ ወጣቶችን ወደ አንድ ቡድን መለወጥ የሚችለው የማስተማርን ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። የመን ይህን ሙያ ከውጭ ተበደረች። እርሳቸው በዚያው ዓመት የኢትዮጵያን ብሔራዊ ቡድን ለመያዝ ሲሄዱ ብድሩ ተመለሰ፤ በጥር 2019 በኤምሬቶች በተካሄደው ውድድር ቡድኑ በስሎቫኪያዊ አሠልጣኝ ተመርቶ ሦስቱንም ጨዋታዎች አንድ ጎል ሳያስቆጥር ተሸነፈ።

ከሽንፈቶቹ የመጀመሪያው የኢራን 5 ለ 0 ነበር። በዚያ ዕለት ኢራንን የመሩት ካርሎስ ኬይሮሽ የሊዝበን የአካል ማጎልመሻ ከፍተኛ ተቋም ያፈራቸው ሰው ናቸው፤ ከዚያው ቤት ዦዜ ሞሪንሆም ወጥቷል። ሞሪንሆ ታላላቅ ክለቦችን ከመምራቱ በፊት የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር እንደነበር ብዙ ደጋፊ አያውቅም። በጀርመንም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። የኮሎኝ የስፖርት ዩኒቨርሲቲ በ1947 ሲከፈት የአሠልጣኞችን ኮርስ እንዲያስተምሩ የተጠሩት ሴፕ ሄርበርገር ነበሩ፤ በ1954 የዓለም ዋንጫን ለምዕራብ ጀርመን ያስገኙት እኒሁ ሰው ናቸው። ትምህርቱ በተጀመረበት ወቅት የጀርመን ከተሞች ፍርስራሽ ነበሩ። ኮሎኝ ስታዲየሞች ሁሉ እስኪጠገኑ አልጠበቀችም።

ወደ ኤደን እንመለስ። የኤደን ዩኒቨርሲቲ ፍሬ የበቀለው በ1970 ከተቋቋመው ከፍተኛ የመምህራን ኮሌጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተመሠረተው በ1975 ነው። ይህ ትውልድ ሐረግ ዋጋ አለው፤ መምህርን ማፍራት የተቋሙ የመጀመሪያ ሙያ ነውና። ከተማዋም ቢሆን ለኳስ አዲስ አይደለችም። በክሬተር የሚገኘው የቲላል ክለብ ታሪኩን እስከ 1905 ድረስ ይቆጥራል፤ በዓረብ ባሕረ ገብ ምድር ከሁሉም አንጋፋው እንደሆነ በኩራት ይነገርለታል። ከውሕደቱ በኋላ የተካሄደውን የመጀመሪያውን ሊግ ያሸነፈውም እርሱ ነው። ደቡብ የመን ብቻዋን በነበረችበት ዘመንም በ1976 ቴህራን ላይ በእስያ ዋንጫ ተሰልፋለች። ይህን ሁሉ ቅርስ ወደ ትምህርት የሚለውጥ፣ የስፖርት አመራርንና የአሠልጣኝነትን ሙያ እንደ ሕክምና ወይም እንደ ሕግ ከነተግባር ልምምዱ የሚያስተምር ጠንካራ ክፍል በዩኒቨርሲቲው ሊኖር ይገባል።

ምን ያስተምራል ቢባል፣ ከኮሎኝም ከሊዝበንም በሙሉ ሊቀዳ የማይችል ነገር አለ። የኤደን በጋ በሙቀቱና በእርጥበቱ ይታወቃል፤ በእንዲህ ያለ አየር ከቀትር በኋላ ልጆችን ማስሮጥ አደጋ ነው። በረመዷን ልምምዱ ከኢፍጣር በፊት ወይስ ከተራዊሕ በኋላ ይሁን? የሚጾም የ16 ዓመት ተጫዋች በሌሊት ምን ያህል ውኃ ይጠጣ፣ መቼ ይተኛ፣ የልምምዱ ክብደት በየትኛው ሳምንት ይቀንስ? ይህ በግምትና በ«ቻል» ባይነት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፤ መለካትና መመዝገብ ይፈልጋል፤ ሊለካውም የሚችለው በየዓመቱ የሚጾሙ ተጫዋቾች ያሉበት ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚህ ላይ የኤደን ምሁር ለጃካርታና ለዳካር፣ ለሐረርና ለጅማም የሚያስተምረው ይኖረዋል።

ሁለተኛው ጫት ነው። ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ በየመን የጫት ጊዜ ነው፤ የልምምድም ጊዜ እርሱ ነው። የደቡብ የመን መንግሥት በ1977 ባወጣው ሕግ ጫት መቃምን በሳምንቱ መጨረሻና በበዓላት ብቻ ወስኖ ነበር፤ ከውሕደቱ በኋላ ግን ገደቡ ተነሣ። ዛሬ አሠልጣኙ ሕግ የለውም፤ ያለው ቃሉና የሜዳው ማራኪነት ብቻ ነው። አባትን ሳያዋርድ ልጁን ከመቃሚያው ወደ ሜዳው መሳብ እንዴት እንደሚቻል የሚያስተምር መጽሐፍ ከአውሮፓ አይመጣም። የምሥራቅ ኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በየመን ጦርነት ሕፃናት ለውትድርና መመልመላቸውን በተደጋጋሚ መዝግቧል። በሳምንት ሦስት ምሽት አንድን ልጅ በስሙ እየጠራ የሚያየው፣ ሲቀር «የት ሄደ?» ብሎ ቤቱ ድረስ የሚጠይቀው ሰው ብዙ ጊዜ የሰፈር አሠልጣኝ ነው። ይህ ሰው ቤተሰቡ የሞተበትን፣ በድንጋጤ ዝም ያለውን፣ ወይም በትንሽ ነገር የሚቆጣውን ልጅ እንዴት እንደሚይዝ ካልተማረ፣ በፊሽካና በጩኸት የልጁን ቁስል ያብሰዋል። አመራር የሚለው ቃል በዩኒቨርሲቲው መጽሐፍ ውስጥ መጀመሪያ ሊተረጎም የሚገባው በዚህ ነው፤ የክለብ ሒሳብ አያያዝና የውድድር ዝግጅት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

መብራት በሚጠፋበት፣ የመምህር ደመወዝ በሚዘገይበት ከተማ ስለ አሠልጣኝ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ይሁንና የአንድ ስታዲየም ጥገና የሚውጠው ገንዘብ ስንት መምህራንን እንደሚያሠለጥን ማሰብ ብቻ ይበቃል። በታኅሣሥ 2021 የየመን ታዳጊዎች በደማም የምዕራብ እስያን ዋንጫ አስተናጋጇን ሳዑዲ ዓረቢያን በፍጹም ቅጣት ምት ረትተው ሲያነሡ፣ ከሰንዓ እስከ ኤደን በአንድ ሌሊት ሁለት ጎራ የሆነው ሕዝብ በአንድነት አደባባይ ወጣ። እነዚያን ልጆች የመራው የመናዊ አሠልጣኝ ነበር። ቅንጦት የሚለው ቃል በዚያ ሌሊት ሚዛን አይደፋም።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ለኤደን ሁለት ነገር ታሳያለች፤ አንዱ መልካም፣ ሌላው ማስጠንቀቂያ ነው። መልካሙ በቆጂ ነው። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ሜዳቸው ገደላማ መሬትና ባሕር ዛፍ ነበር፤ የነበራቸው ሙያ ግን የመምህር ሙያ ነው። የብሔራዊው ቡድን አሠልጣኝ የነበሩት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬም ሙያውን በሃንጋሪ ተምረው የመጡ ናቸው። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር፣ በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሳይንስ ዛሬ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል።

ማስጠንቀቂያው ከዚሁ ይነሣል። ዲግሪውና ሜዳው በኢትዮጵያ ገና አልተጋቡም። ተመራቂው በአንድ እጁ ዲግሪ ይዞ ከክለብ በር ላይ ይቆማል፤ ክለቡ ግን የፌዴሬሽን ፈቃድ ያለውን የቀድሞ ተጫዋች ይቀጥራል። ክለቡ አልተሳሳተም፤ የዲግሪ ወረቀት በራሱ የአሠልጣኝነት ፈቃድ አይደለምና። የቀድሞው ተጫዋችም ቢሆን የአካል ዕድገትንና የጉዳት መከላከልን ሳይማር ሕፃናትን ይረከባል። ሁለቱም ግማሽ ናቸው። ኤደን ይህን ክፍተት ከመጀመሪያው መድፈን ትችላለች። ዩኒቨርሲቲው ከየመን እግር ኳስ ማኅበር ጋር ተዋውሎ የእስያ ኮንፌዴሬሽንን የሲ ደረጃ ፈቃድ ኮርስ በዲግሪው ውስጥ ማካተት ይችላል፤ የቀድሞ ተጫዋቾችም ያለ ከፍተኛ ውጤት፣ በልምዳቸው ተመዝነው እንዲገቡ በር መክፈት ይቻላል።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ ከከተማዋ ክለቦች በአንዱ፣ በቲላል፣ በሸምሳን፣ በወሕዳ ወይም በሹዕላ የታዳጊ ቡድን ይመደብ። ውጤቱ የሚሰጠው በፈተና ወረቀት ብቻ አይሁን፤ በዓመቱ መጀመሪያ ከመጡት ሃያ ልጆች ስንቱ በዓመቱ መጨረሻ አሁንም ልምምድ ላይ እንዳሉ ይቆጠርለት። ሴት ተማሪዎችም በልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች ይመደቡ፤ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን በልበ ሙሉነት ለስፖርት የሚሰጡት ለሴት መምህርት ነውና፣ መምህርቷ ከሌለች ልጅቷም ሜዳ አትወጣም። ለዚህ የሚያስፈልገው ኳስ፣ የመለኪያ ሜትር፣ የእጅ ሰዓት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥንና መዝገብ ነው፤ የሜይ 22ን ጣሪያ መጠገን አይጠይቅም።