ፊልሙ ለማን ነው?

በዛሬው ዘመን አንድ መሥሪያ ቤት ሥራውን ለሕዝብ ለማስታወቅ ሲያስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ፊልም ማሠራት ሆኗል። አሳቡ መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። ዳሩ ግን ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹን የተመለከትን እንደ ሆነ፣ ሹሙ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ይናገራል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ይጨበጨባል፤ ቀጥሎም ሌላ ሹም ይናገራል። ይህ ሁሉ ለማን እንዲታይ ተደከመበት ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልስ የሚሰጥ አይገኝም።

ነገሩን ወደ ጅግጅጋ ወስደን እንመርምረው። በ2006 ዓ.ም. የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የከተሞች ፎረም በዚያች ከተማ ተከብረዋል። እንዲህ ያለ ታላቅ ስብሰባ በተቃረበ ቁጥር ፊልም ለማድረስ መጣደፍ በአገራችን የትም ያለ ልማድ ነው። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለመጣው እንግዳና ለሐርሺን ወረዳው አርብቶ አደር አንድ ፊልም ይበቃቸዋልን? እንግዳው ማወቅ የሚሻው የወጣው ገንዘብ ምን እንደ ሠራ ነው። የሐርሺኑ ሰው ግን የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ብርካ ምን እንደ ሆነ እንዲነገረው አይሻም፤ ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። እርሱን የሚጠቅመው ውሃውን እንዴት አጣርቶ እንደሚጠጣ፣ ግመሉንና ፍየሉን መቼና የት እንደሚያስከትብ ቢነገረው ነው።

ስለዚህ ወጣቱ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ፊልም አንሺውን ከመጥራቱ አስቀድሞ ቢጋሩን ይጻፍ። ፊልሙ ለማን እንደ ሆነ፣ ያየው ሰው ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ቢገለጽበት አንድ ገጽ ይበቃል። «የመሥሪያ ቤታችንን ሥራ በሙሉ የሚያሳይ» የሚል ቃል የገባበት ቢጋር ግን ቢቀደድ ይሻላል። ደግሞም ረቂቁን አይቶ «ይሁን» የሚለው ሰው አንድ ይሁን፤ ስሙም በውሉ ላይ ይጻፍ። አምስት ሹማምንት በየተራ «ይህ ይጨመር፣ ያ ይውጣ» እያሉ ያረሙት ፊልም፣ አምስቱንም ደስ ሲያሰኝ ሌላውን ተመልካች ሁሉ ያስተኛል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የቋንቋው ነገር ነው። ጽሑፉ በአማርኛ ይዘጋጅና ሥዕሉ ተቀናብሮ ካለቀ በኋላ ወደ ሶማሊኛ ይተረጎማል። ትርጉሙ ከሥዕሉ ይረዝማል፤ ተራኪውም ለመድረስ ሲሮጥ ቃሉን ይውጠዋል። የሶማሊ ሕዝብ በቃል ግጥሙ የታወቀ፣ የንግግርን ለዛ መዝኖ የሚቀበል ሕዝብ ነው። የላቲኑ ፊደል የሶማሊኛ መጻፊያ ሆኖ በጎረቤት ሶማሊያ በይፋ የታወጀው በ1965 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ፊደሉን ሳይማሩ ያረጁ ብዙ ሽማግሌዎች አሉ፤ ከሥዕሉ ግርጌ የሚጻፈው ትርጉም ለእነርሱ ምንም አይረዳም። እንግዲያውስ ጽሑፉ ከመነሻው በሶማሊኛ ይጻፍ። ካሜራው ሳይነሣም በገበያ የግመል ወተት ለምትሸጥ አንዲት እናት ይነበብላት። «ምን ማለታችሁ ነው?» ብላ የጠየቀችበት ቦታ መታረም ያለበት ቦታ ነው።

በነጋዴ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ሁሉ ከንቱ ውዳሴ ነው የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። በ1914 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1922) ለሕዝብ የታየውን «ናኑክ ኦፍ ዘ ኖርዝ» የተባለውን ፊልም ሮበርት ፍላኸርቲ የሠራው ሬቪዮን ፍሬር በተባለ የፈረንሳይ የጠጉር ቆዳ ነጋዴ ኩባንያ ገንዘብ ነበር። የፊልሙ ዋና ሰው ግን የሰሜን ካናዳው አዳኝ እንጂ የኩባንያው ዳይሬክተር አይደለም። (ፊልሙ ድምፅ አልባ ስለ ነበረ ዳይሬክተሩ ንግግር ላድርግ ቢልም አይሆንለትም ነበር፤ ይህም አንድ ጸጋ ነው።) እርግጥ ነው፣ በበረዶው ጎጆ ውስጥ ብርሃን ስላልበቃ ለካሜራው ሲባል ግማሹ ክፍት የሆነ ጎጆ ተሠርቷል፤ በዚህም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ለብርሃን ሲባል ግድግዳ መክፈትና በቦቴ የመጣ ውሃ በቧንቧ የደረሰ አስመስሎ ማሳየት ግን በፍጹም አንድ አይደሉም። መንደርተኛው ፊልሙን ባየ ማግስት ቧንቧውን ከፍቶ ይሞክረዋልና።

የወቅቱም ነገር አለ። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ ውሉ በግንቦት መጨረሻ ይፈረምና ፊልም አንሺው በሩጫ ይላካል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያገኘውን አንሥቶ ይመለሳል፤ ጂላል የሚባለው የበጋው ድርቅ ግን አልፏል፤ ካራን የሚባለው የክረምቱ ዝናብም ገና አልደረሰም። ቢጋሩ በመስከረም የተጻፈ እንደ ሆነ ግን ፊልም አንሺው በየካቲት ደረቁን ብርካ፣ በሚያዝያ ደግሞ ዝናብ የገባበትን ለማንሣት ይችላል፤ ሒሳቡም ሰኔ ሳይገባ ይወራረዳል።