የሚመታው ድህነት አይደለም

«ምን ያድርግ፣ ሥራ አጥቶ፣ ኑሮ መሮት እኮ ነው!» ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ስሙ በተነሣ ቁጥር ይህችን ሰበብ የሚያቀብለው አይጠፋም። ለመሆኑ ድህነት እጅ አለውን? እስቲ ጥያቄውን ከእኛ ርቆ በሚገኝ፣ ግን ብዙ በተነገረለት አንድ ቤት እንመርምረው።

ቤቱ የኒው ዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት የማኦሪዎች የከተማ ቤት ነው። አላን ደፍ እ.ኤ.አ. በ1990 በልብ ወለድ ጻፈው፤ ሊ ታማሆሪ በ1994 ፊልም አደረገው። ሁለቱም የማኦሪ ተወላጆች ናቸው። በፊልሙ ጄክ የተባለው አባወራ ከሥራው ይሰናበታል፤ ጓደኞቹን እየሰበሰበም ቤቱን መጠጥ ቤት ያደርገዋል። አንድ ሌሊት ሚስቱ ቤዝ ለጓደኛው እንቁላል አልጠብስም ብትል ፊቷ እስኪያብጥ ደበደባት። ልጇ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ያንን ፊት ይዛ መውጣት አልቻለችም፤ ልጁም ተወስዶ ማሳደጊያ ገባ። መኪና ተከራይተው ሊጠይቁት ሲሄዱ አባት መንገድ ላይ ወደ መጠጥ ቤት ጎራ አለ፤ ልጁ እንደጠበቀ ቀረ። የ13 ዓመቷ ልጃቸው ደግሞ በዚያው ቤት፣ ልጆቹ «አጎት» በሚሉት የአባታቸው ጓደኛ ክብሯ ተደፈረ፤ ሕይወቷንም በገዛ እጇ አጠፋች።

«ደማቸው ነው፤ ጥንትም ጦረኞች ነበሩ» የሚሉ አሉ። ሐሰት ነው! በቀድሞው የማኦሪ ኑሮ ያገባች ሴት ከወገኖቿ አትቆረጥም ነበር፤ የመታት ባል ለወንድሞቿና ለዘመዶቿ መልስ መስጠት ነበረበት። ታዲያ ይህን አጥር ማን አፈረሰው? ከ1863ቱ ጦርነት በኋላ መንግሥት በዋይካቶ ብቻ 1.2 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት ወረሰ። ሕዝቡ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ጎረፈ፤ በ1945 ከተሜ የነበሩት ማኦሪዎች 26 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በ1986 ግን 80 በመቶ ገደማ ደረሱ። ሚስት ብትጮኽ ወንድሟ የማይሰማበት ሰፈር ገባች። በ1980ዎቹ የሥጋ ፋብሪካው፣ የባቡሩና የደኑ ሥራ ብዙ ሠራተኛ በተነ። በ1991 ደግሞ መንግሥት የችግረኞችን ድጎማ ቀነሰ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ መንግሥትም ከዕዳው አያመልጥም። ነገር ግን ልብ በሉ! መሬቱ የተወረሰው ከጄክ ወገን ብቻ ነውን? ከቤዝም ነው። ድስቱ ባዶ ሲሆን መጀመሪያ የሚያየው የእሷ ዐይን ነው፤ እሷ ግን የማንንም ፊት አልሰበረችም። ለቢራ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ለዳቦ አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል? በአሠሪው ፊት ቁጣውን የሚውጥ ወንድ፣ ሚስቱ ዘንድ ሲደርስ «ንዴት አሸነፈኝ» ቢልስ? ድህነት ቤት ያጠብባል፣ ዕዳ ያበዛል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ ቡጢ የሚጨብጠው ግን ሰውየው ነው።

«ልጆቹን እኮ አልነካሁም» የሚል አባትም ይስማ። የኒው ዚላንድ የ1995 ሕግ፣ ልጅ ድብደባን እንዲያይ ወይም እንዲሰማ ማድረግን በልጁ ላይ እንደተፈጸመ በደል ቆጥሮታል፤ በ2018 የወጣው ሕግም ይህንኑ አጽንቷል። በር ዘግቶ መምታት ልጅን ማዳን አይደለም። ልጁን ነጥቆ ለተቋም መስጠትም መድኃኒት አልሆነም፤ በ2024 የቀረበው የአጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ከ1950 እስከ 2019 በመንግሥትና በሃይማኖት ተቋማት እጅ ካለፉት መካከል 200,000 ያህሉ እንደተበደሉ ገምቷል። የማኦሪ ልጆች ድርሻ ከሕዝባቸው ቁጥር ጋር ሲነጻጸር እጅግ የበዛ ነበር።

እንግዲህ ቤዝን ምን አዳናት? የልጇን አስከሬን ይዛ ወደ ወገኖቿ ተመለሰች፤ ከጄክም ተለየች። የመመለሻዋ ዋጋ ግን የልጅ ሕይወት ሆነ። አንባቢ ሆይ! እህትህ ወይም ጎረቤትህ ያበጠ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ስታልፍ «የባልና የሚስት ጉዳይ ነው» ብለህ አትለፋት። ቀብር ሳይመጣ በርህን ክፈትላት፤ ለመቺውም «ምን ያድርግ» አትበልለት።