ኮንትራት ይዘን ሰው ሲጫንብን

ከቦሌ ፒያሳ ኮንትራት ታክሲ ያዙ እንበል። በዋጋው ተከራክረው፣ ተስማምተው፣ ከኋላ ተደላድለው ተቀምጠዋል። መስቀል አደባባይ ሲደርሱ ሹፌሩ ጥግ ይዞ ይቆምና ሁለት ሰው ይጭናል። "ምነው ወንድሜ?" ቢሉት፣ "ብቻዎን መሄድ ከፈለጉ መቶ ብር ይጨምሩ" ብሎ ይመልስልዎታል። አብዛኞቻችን እዚያው በሩን ከፍተን እንወርዳለን። የማንወርደውም ብንሆን መንገዱን ሙሉ እያጉረመረምን ነው የምንደርሰው።

በስልካችንና በኮምፒውተራችን ላይ ግን ይኸው ነገር በየቀኑ ይደረግብናል። ገንዘብ የከፈልንበትን አፕ ስንከፍት ያላዘዝነው ማስታወቂያ ፊታችን ይደቀናል። ትንሿን የኤክስ ምልክት ፈልገን እንዘጋና ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ጉዳያችን እንመለሳለን። አፑ በነጻ የሚሰጥ ከሆነ ቅሬታ የለኝም። ማስታወቂያው የአገልግሎቱ ዋጋ ነው፤ ያንን አውቀን ገብተናል። እኔም እንጀራዬን የማገኘው ከማርኬቲንግ ስለሆነ ማስታወቂያን በጅምላ ብራገም አያምርብኝም። የዚህ ወር ጨዋታችን ከፍለን ስለምናየው ማስታወቂያ ነው።

ከታክሲው ጋር በጣም የሚመሳሰለውን ልንገርዎ። አሜሪካ ከሚኖሩ ዘመዶቻችን ብዙዎቹ የአማዞን ፕራይም አባል ናቸው። በወር 14.99 ወይም በዓመት 139 ዶላር ሲከፍሉ፣ ዕቃ ቤት ድረስ ከማምጣቱ ጋር የፊልም አገልግሎቱም አብሮ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 29 ቀን 2024 ጀምሮ ግን እነዚሁ አባላት ፊልም ሲከፍቱ ማስታወቂያ ይመጣባቸው ጀመር። ክፍያቸው አልቀነሰም። ማስታወቂያው እንዲነሳለት የፈለገ በወር 2.99 ዶላር ይጨምር ተባለ። በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ፣ ጀርመንና ካናዳም ተሻገረ።

ኔትፍሊክስ በኖቬምበር 2022 ማስታወቂያ ሲጀምር የሄደበት መንገድ የተለየ ነበር። ነባሮቹን ደንበኞች ሳይነካ፣ ማስታወቂያ ያለበት አዲስ ርካሽ ፓኬጅ በ6.99 ዶላር አወጣ። "ከሌላ ሰው ጋር ከሄዱ ይረክስልዎታል" እንደማለት ነው፤ በእኔ ሚዛን ንጹሕ ንግድ ነው። ችግሩ፣ ዓመት ሳይሞላ በጁላይ 2023 አሜሪካ ውስጥ ማስታወቂያ የሌለበትን የ9.99 ዶላር ፓኬጅ ለአዲስ ደንበኞች መሸጥ አቆመ። ከዚያ በኋላ ያለ ማስታወቂያ ለማየት መነሻው 15.49 ሆነ። መንገዱ ቢለያይም መድረሻው ብዙም አልተራራቀም።

ለመሆኑ የከፈለ ሰው ላይ የሚመጡት ለምንድን ነው? ቢዝነስ የተማረ ሁሉ መጀመሪያ የሚነገረው ነገር አለ፤ አዲስ ደንበኛ ከማምጣት ለነባሩ ሌላ ነገር መሸጥ ይቀላል። የከፈለ ሰው ገንዘብ እንዳለው አሳይቷል፣ በኢንተርኔት መክፈል አያስፈራውም፣ የካርዱ ቁጥርም ተመዝግቦ ተቀምጧል። አስተዋዋቂ ቢሆኑ ማንን ይመርጣሉ? በነጻ የሚጠቀመውን ተማሪ ወይስ እሱን? ስለዚህ መክፈላችን ከማስታወቂያ አያድነንም፤ እንዲያውም ይበልጥ ተፈላጊ ያደርገናል። ገንዘቡም ቀላል አይደለም። አማዞን በ2024 ከማስታወቂያ ሥራው ብቻ ከ56 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ አብዛኛው ከመገበያያ ገጹ የመጣ ቢሆንም።

ሁለተኛው ምክንያት እኛው ቢሮ ውስጥ ያለ ነው። ስብሰባ ላይ የሚያሸንፈው ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው ነው። ማስታወቂያውን ስንት ሰው እንዳየው፣ ስንት ሰው እንደነካው ይቆጠራል። ስንት ሰው እንደተናደደ ግን አይቆጠርም። የኤክስ ምልክቱን ስቶ ማስታወቂያውን የነካ አውራ ጣት ራሱ "ፍላጎት ያሳየ ደንበኛ" ተብሎ ይመዘገባል። ደንበኛው ከስምንት ወር በኋላ ጥሎ ሲሄድ ደግሞ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው "የዋጋ ጉዳይ" ነው። እኛም መሥሪያ ቤት "ስክሪኑ ላይ ባዶ ቦታ አለ፣ ለምን አንሸጠውም?" የሚል ሐሳብ በየሩብ ዓመቱ ይነሳል። እኔ የምለው፣ ያ ባዶ ቦታ ተሽጧል፤ የገዛው ደንበኛው ነው። እስካሁን ድምፃችን እኩል ለእኩል ነው።

ኩባንያዎቹ ደግሞ ማስታወቂያ የሚለውን ቃል አይወዱትም። "ጥቆማ"፣ "ለእርስዎ የተመረጠ"፣ "ይህን ያውቁ ኖሯል?" ይሉታል። ማይክሮሶፍት በኤፕሪል 2024 የዊንዶውስ 11 ስታርት ሜኑ ውስጥ ከመደብሩ የሚመጡ አፖችን ማሳየት ሲጀምር ስሙ "የሚመከሩ" የሚል ነበር። በእርግጥ ጠቃሚ መልዕክት አለ። የይለፍ ቃልዎን ሌላ ሰው ሞክሯል፣ ነገ ሌሊት አገልግሎት ይቋረጣል፣ የዓመት ክፍያዎ በዚህ ቀን ይታደሳል የሚሉት ይምጡ። የሚገርመው፣ የክፍያ ማሳሰቢያው በትንንሽ ፊደል በኢሜይል ሲላክ፣ ቅናሹ ግን ሙሉ ስክሪን ሞልቶ ይመጣል።

እዚህ አገርም አለን። ካፌ ውስጥ ሒሳብ ሊከፍሉ ስልክዎን አውጥተዋል፣ ካሸሯ ትጠብቃለች፣ ከኋላ ሰልፍ አለ፤ የባንኩ አፕ ግን መጀመሪያ የሽልማት ዕጣውን ፖስተር ካላየህ ይላል። ባዛወርን ቁጥር የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጥብን የለም እንዴ? ለአምስት ሰከንድ ትዕግሥታችን ደግሞ የተቀበልነው ነገር የለም።

ለአዋቂ ግን ይህ ሁሉ መሰላቸት ነው፤ ያልፋል። እኔን በእጅጉ ያስቆጣኝ የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ላይ የደረሰው ነው። ሜሪላንድ ያለው ወንድማችን ለልደቱ የእንግሊዝኛ ንባብ የሚያስተምር አፕ የአንድ ዓመት ክፍያ ከፈለለት። ጥሩ አፕ ነው፤ ልጁም ወዶታል። አንድ ቅዳሜ ታብሌቱን ይዞ እየሮጠ መጣና "አክስቴ፣ ስጦታ መጣልኝ!" አለኝ። ስክሪኑ ላይ በሪባን የታሰረ ሳጥን ይዘላል። ሲነካው ሳጥኑ ተከፈተ፤ ከውስጡ የወጣው የሒሳብ ትምህርቱን ፓኬጅ ለመግዛት ካርድ የሚጠይቅ ገጽ ነበር። ልጁ ትንሽ አየውና "ስጦታው የታለ?" ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን ለማግኘት ጊዜ ፈጀብኝ። "ስጦታ ሳይሆን ዕቃ ሊሸጡልህ ነው" ስለው፣ "አጎቴ ከፍሏል እኮ!" አለ።

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ኮሚቴ በ2004 ባወጣው ሪፖርት፣ ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማስታወቂያ ሊያሳምናቸው የተሠራ መሆኑን የመለየት አቅም ገና እንደሌላቸው ገልጾ፣ ለእነሱ የሚቀርብ ማስታወቂያ እንዲገደብ መክሮ ነበር። ወላጅ ለልጆች አፕ የሚከፍለው እኮ አንዱ ምክንያት ከዚህ ለመሸሽ ነው። ነጻው አፕ ማስታወቂያ ስላለው ነው ወደ ሚከፈልበት የሄድነው። እዚያም ገብተው ከጠበቁን፣ የከፈልንበት ነገር ምን እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ወጥ ቤት ስንገባ እናርፋለን ብለው እንዳይጽናኑ። ሳምሰንግ በ2025 አሜሪካ ውስጥ በሩ ላይ ስክሪን ባላቸው ፍሪጆች ላይ ማስታወቂያ ማሳየት በሙከራ ጀምሯል። ሰዎቹ ፍሪጁን ሲገዙ ማስታወቂያ አልነበረውም፤ በሶፍትዌር አፕዴት ነው የመጣው። ከ1,800 ዶላር በላይ የሚያወጣ ፍሪጅ ነው የምልዎት።

ለእኛ ነገሩን የሚያከብደው የዶላሩ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ኩባንያው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር የአሥር ዶላሩ አፕ ከ570 ብር ወደ ሺህ ብር ዘለለ። ብዙዎቻችን ደግሞ የራሳችን ዓለም አቀፍ ካርድ ስለሌለን ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ነው የሚከፍልልን። ማስታወቂያውን የሚያየው አዲስ አበባ ያለው ነው፤ ከፋዩ ሜሪላንድ ስላለ አያየውም፣ ስለዚህም አይማረርም። "እየተጠቀማችሁበት ነው አይደል?" ብሎ ሲጠይቅ፣ በሰው ገንዘብ ማማረር ስለሚከብደን "አዎ፣ እግዜር ይስጥህ" ብለን ዝም እንላለን። እንዲህ እየተባለ ማንም የማይከፍተው አፕ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲከፈልበት አይቻለሁ።

ምን ይደረግ ታዲያ? አንድሮይድ ስልክ ካለዎት፣ የቅናሽ ኖቲፊኬሽን ሲመጣ ጠራርገው ከማጥፋትዎ በፊት ጣትዎን ላዩ ላይ ጫን አድርገው ያቆዩ። ብዙ አፖች የማስተዋወቂያውን መልዕክት ከዋናው ለይተው ስለሚያስቀምጡ፣ የገንዘብ ዝውውሩን ማሳወቂያ ሳይነኩ እሱን ብቻ ማጥፋት ይቻላል። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግ ውስጥ ፐርሰናላይዜሽን፣ ከዚያ ስታርት የሚለውን ሲከፍቱ ስለ ጥቆማዎችና አፕ ማስተዋወቂያ የሚናገር ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ያጥፉት። ልጆች በሚይዙት ስልክ ላይ ደግሞ ማንኛውም ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ያድርጉ። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ነገ ዛሬ አይበሉ።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን መሰረዣውን መጫን ነው። ባይሰርዙም እንኳ ይጫኑት። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት በጃንዋሪ 2025 ወርድና ኤክሴል የሚገኙበትን የማይክሮሶፍት 365 የግል ፓኬጅ አሜሪካ ውስጥ ከ6.99 ወደ 9.99 ዶላር አሳደገ፤ ኮፓይለት የተባለው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ረዳት ተጨምሮበታል በሚል። ነባር ደንበኞች ግን ኮፓይለት የሌለበትን "ክላሲክ" የተባለ ፓኬጅ በድሮው ዋጋ መቀጠል ይችሉ ነበር። የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን በኦክቶበር 2025 ኩባንያውን ፍርድ ቤት አቆመው። ክሱ፣ 2.7 ሚሊዮን ለሚሆኑ የአገሪቱ ደንበኞች በተላከው መልዕክት ይህ ሦስተኛ ምርጫ አልተነገረም፤ ብቅ የሚለውም ደንበኛው መሰረዝ ሲጀምር ነው የሚል ነበር። በማግስቱ ወር ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ፣ ወደ ክላሲክ ለሚመለሱ ልዩነቱን እንደሚመልስ አስታወቀ። እኛም በሙያው እንደምናውቀው፣ ጥሩው ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው መውጫው በር ላይ ነው።

ሲሰርዙም "ለምን?" የሚል መጠይቅ ይመጣል። ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል፣ ወይም "ዋጋው ተወደደ" የሚለውን ይነካል። እባክዎ "ሌላ" የሚለውን ይምረጡና "ከፍዬ ማስታወቂያ ስለሚያሳየኝ" ብለው ይጻፉ። በአማርኛም ቢሆን ይጻፉ፤ ተርጉመው ያነቡታል። ከቁጥር ጋር ስብሰባ ላይ የምንቀመጥ ሰዎች በእጃችን የምንይዘው ማስረጃ ከዚያ ሌላ የለም።

የእህቴ ልጅ አፕ በመጋቢት ይታደሳል። ወንድማችን ቀኑን እንዲያውቀው ነግሬዋለሁ፤ "እኔ ማስታወቂያ እንዳለው መች አወቅሁ?" አለ። እስከዚያ ድረስ ሌሎች ሁለት የንባብ አፖችን በነጻ የሙከራ ጊዜያቸው እየሞከርናቸው ነው። ልጁ አዲስ ነገር ስክሪኑ ላይ ባየ ቁጥር ሳይነካው በፊት ይጠራኛል፤ "አክስቴ፣ ይሄስ ሊሸጡልን ነው?" ይላል።