በር ከዘጋንባት ሲሳይዋ በእኛ እጅ ነው



በዚህ ወር ዓምዳችን በብዙዎቻችን ቤት ስለምትኖር፣ ግን ብዙም ስለማናስብላት እንስሳ እንነጋገራለን። እርሷም ድመት ናት። «ለሰው ያልተረፈ ጊዜ ለድመት?» የሚል አይጠፋም። ጉዳዩ ግን የድመቷ ብቻ አይደለም። የልጆቻችንና የነፍሰ ጡር እህቶቻችን ጤና፣ የጎረቤት ሐቅ፣ እንዲሁም ነገ አላህ ዘንድ የምንጠየቅበት አማና ጉዳይ ነው።

እዚህ ተበላ፣ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ድመት ማሳደግ ትምህርት የሚጠይቅ ሥራ ሆኖ አያውቅም። በራችን ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ድመቷ ወደ ጓሮ ወጥታ ከእንሰቱ ሥር፣ ከበቆሎው ማስቀመጫ አጠገብ አይጥ ትይዛለች። አፈር ጭራ ትጸዳዳለች፤ መልሳም ትቀብረዋለች። ከእኛ የሚደርሳት ትርፍራፊ ጭማሪ እንጂ ዋና ቀለቧ አይደለም።

ዛሬ ግን አኗኗራችን እየተለወጠ ነው። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባ በተገነቡት ኮንዶሚኒየሞች፣ በጀሞ፣ በአያት፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ ብዙ ቤተሰብ ፎቅ ላይ ወጥቷል። ከእኛ አካባቢ ለሥራና ለትምህርት የሄዱ ወንድምና እህቶችም ከነዚሁ ነዋሪዎች መካከል ናቸው። ሶዶም በ2015 ዓ.ም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይቶ መኖርም ለብዙ ወጣት ባለትዳሮች እንግዳ ነገር አይደለም። እነዚህ ቤተሰቦች አይጥ ሲያስቸግራቸው ወይም ልጆቻቸው ሲለምኗቸው ከአገር ቤት አንዲት ግልገል ድመት ያስመጣሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ አውጥተው በሩን ይዘጋሉ። የሚያበሏት ግን ልክ በሩ ክፍት እንደነበረበት ቤት ነው፤ አንድ ቁራሽ እንጀራ፣ የተረፈ ወጥ፣ ሲገኝ ወተት።

የተዘጋው በር

ቡኻሪና ሙስሊም ከዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ አንዲት ሴት በድመት ምክንያት እንደተቀጣች ሁላችንም ሰምተናል። ጥፋቷ ምን እንደነበር ግን ልብ እንበል። ድመቷን ዘግታባት አላበላቻትም፤ አላጠጣቻትም፤ ወጥታ በምድር ላይ ከሚንቀሳቀሰው ለቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ከዚህ የምንረዳው ድመትን ለያዘ ሰው ሁለት መንገድ እንዳለው ነው፤ ወይ በአግባቡ ማብላት፣ ወይ ሲሳይዋን እንድትፈልግ መልቀቅ። ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ሁለተኛው መንገድ ተዘግቷል። የቀረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ስለዚህ የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ከዚህ በታች የዘረዘርኩትን ለማሟላት አቅም ወይም ጊዜ የሌለው ቤተሰብ ፎቅ ላይ ድመት ባይወስድ ይሻለዋል። ችግሩ አይጥ ብቻ ከሆነ ቀዳዳዎችን በሲሚንቶ መድፈን፣ እህልን ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ቆሻሻን አለማሳደር ይጠቅመዋል። ለዚህ ሲባል ነፍስ ያላትን እንስሳ ማሰር አያስፈልግም።

ከመውሰዳችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ በቤቱ ውስጥ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ድመት ያለበት ቤት ደጋግሞ ሄዶ ይቀመጥና ይታይ። አለርጂውን የሚያመጣው በምራቋና በቆዳዋ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ስለሆነ ፀጉሯን በመጥረግ ብቻ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ግልገሏ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ አትለይ። ሦስተኛ፣ አከራያችሁንና ጎረቤቶቻችሁን አነጋግሩ። በጋራ ደረጃ ላይ የሚጸዳዳ ድመት የእናንተ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

ምን ትብላ?

ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። ውሻ ከእኛ ጋር እህል መብላትን ብዙ ለምዷል፤ ድመት ግን ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ራሷ መሥራት አትችልም፤ የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። ታውሪን ያጣች ድመት የዓይኗ ብርሃን እየደከመ እንደሚሄድ እ.ኤ.አ በ1975፣ ልቧም እንደሚዳከም እ.ኤ.አ በ1987 የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። እንግዲህ በተዘጋ ቤት ውስጥ እንጀራና ዳቦ ብቻ የምትበላ ድመት ሆዷ ቢሞላም ውስጧ እየተራበ ነው ማለት ነው። የአገር ቤቷ ድመት ይህን ጉድለት የምታሟላው በያዘቻት አይጥ ነው።

ይህ ማለት ግን የቤተሰቡን ሥጋ ለድመት ስጡ ማለት አይደለም። ከሥጋ ቤት በቅናሽ የሚገኝ ልብና ሳምባ፣ የዶሮ ሆድ ዕቃ፣ ከአባያ ሐይቅ የሚመጣ ዓሣ ጭንቅላትና ቁርጥራጭ ጥሩ ምግብ ነው። ልብ በተለይ በታውሪን የበለጸገ ነው። ቀቅላችሁ ስጡ፤ ታውሪን ወደ ውሃው ስለሚወጣ መረቁንም አብራችሁ ስጧት። የዓሣውን እሾህና የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን አውጡ፤ ይሰነጠቅና ጉሮሮዋንና አንጀቷን ይወጋል። ጉበትን በየቀኑ አትስጡ፤ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ይጎዳል። አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ ደግሞ ካልሲየም ስለሚጎድለው የግልገል ድመትን አጥንት ያሳሳል። በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ሊረዳ ይችላል፤ መጠኑን ግን የእንስሳት ሐኪም ይወስንላችሁ። አቅም ያለው ሰው በከተሞች ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን የድመት ምግብ ቢቀላቅል ይህን ሁሉ ያቀልለታል።

ወተትን በተመለከተ፣ ያደገች ድመት ብዙውን ጊዜ የወተትን ስኳር መፍጨት ስለማትችል ተቅማጥ ያስይዛታል። የሚያስፈልጋት በየቀኑ የሚቀየር ንጹሕ ውሃ ነው። ወንድ ድመት ካላችሁ በተለይ ተከታተሉት። ለመሽናት እየተቀመጠ ምንም ካልወጣው የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናል፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታልና ወደ ሐኪም ፈጥናችሁ ውሰዱት።

ወጥና መድኃኒት

የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ስለዚህ የዶሮ ወጥ ትርፍራፊ ለድመት ስጦታ ሳይሆን ጉዳት ነው። ሥጋውን ሽንኩርት ሳይነካው በፊት ቆንጥራችሁ ለብቻ ቀቅሉላት።

ከሁሉ በላይ እንደ ፋርማሲ ባለሙያነቴ ማስጠንቀቅ የምፈልገው በመድኃኒት ነው። «ድመታችን አተኮሳት፤ የልጆች ሽሮፕ ስጪን» የሚል ደንበኛ ይመጣል። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል! እኛ ያለ ችግር የምንወስዳት አንዲት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ አንዲት ትልቅ ድመት ለመግደል ትበቃለች። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያስወግድበት መንገድ እጅግ ደካማ ስለሆነ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ድዷ ይጠቁራል፤ ፊቷ ያብጣል። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪንም አደገኛ ናቸው። ለሰው የተሠራ የትል ክኒን ከፍላችሁም አትስጡ፤ ለእርሷ የሚሆነው በክብደቷ ተለክቶ ከእንስሳት ሐኪም ይገኛል። ወለል ስታጸዱም ዲቶልን የመሳሰሉ ፀረ ተሕዋስያን ፈሳሾች በእግሯ ይያዙና ስትልሳቸው ይመርዟታል። በሽንቷ ላይም በረኪና አታፍስሱ፤ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ የእናንተንም የልጆቻችሁንም ሳምባ ይጎዳል። በመጀመሪያ በውሃና በሳሙና እጠቡት።

የአሸዋው ሳፋ

ጓሮ የሌላት ድመት አፈሯን ከእናንተ ትጠብቃለች። ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አንድ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ጨምሩ። ከምግቧና ከመስገጃችሁ ራቅ ባለ፣ ጸጥ ባለ ጥግ አኑሩት። በየቀኑ ማጽዳት ግዴታ ነው። ቆሻሻ ሳፋ ያገኘች ድመት ፍራሻችሁን ትመርጣለች፤ ጥፋቱም የእርሷ አይሆንም።

በየቀኑ የማጽዳቱ ሌላ ምክንያት ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። በሽታው ነፍሰ ጡርን በእርግዝና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ከድመት ዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው እንቁላል መሰል ነገር ሰውን ለመያዝ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታል። በየቀኑ ከተጣለ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ባሎች ሆይ! ሚስቶቻችሁ ነፍሰ ጡር ሲሆኑ ሳፋውን የማጽዳት ተራ የእናንተ ነው። ድመቷን ግን በፍርሃት አታባርሯት። ይኸው በሽታ በጥሬ ሥጋና ባልታጠበ አትክልትም ይተላለፋል። በወላይታ ጥሬ ሥጋ በዳጣ የምንወድ ሰዎች ድመቷን አስወጥተን ነፍሰ ጡሯን ለቁርጥ ብንጋብዝ ምን ተጠቀምን?

ስለ ጦሃራ ብዙዎች ይጠይቃሉ። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለውዱእ የተዘጋጀ ውሃ ለድመት እንዳዘነበሉላትና የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች ማስተማራቸውን እንደገለጹ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። በመሆኑም ድመት ነክታችኋለች ብላችሁ አትጨነቁ። ሽንቷና ዓይነ ምድሯ ግን ሌላ ነው፤ የነካው ልብስና መስገጃ ይታጠባል። ዝርዝሩን፣ እንዲሁም እንዳትወልድ ስለማድረግ ዑለማኦች ያላቸውን አስተያየት፣ በየመስጂዳችሁ ያሉ ኡስታዞችን ጠይቁ። ሴት ድመት በአምስትና በስድስት ወሯ ልታረግዝ እንደምትችልና ከሁለት ወር በኋላ እንደምትወልድ አውቃችሁ ጥያቄውን ቀድማችሁ አንሱት።

ክትባትና በረንዳ

የእብድ ውሻ በሽታ በስሙ የውሻ ይምሰል እንጂ ድመትንም ይይዛል፤ ከድመት ወደ ሰውም በንክሻና በጭረት ይተላለፋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይገድላል፤ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ድመታችሁ ሦስት ወር ሲሞላት አስከትቡ፤ ሐኪሙ በሚሰጣችሁ ቀጠሮም አሳድሱ። «ከቤት አትወጣም» አትበሉ፤ በር አንድ ቀን ይከፈታል። በሶዶ አካባቢ ያላችሁ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለ ምክር ለመጠየቅ ሩቅ አይደላችሁም።

ያልተከተበች ወይም የማታውቋት ድመት ልጃችሁን ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሌላ ነገር አትቀቡበት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ የተጀመረውን ክትባትም ሳታቋርጡ ጨርሱ። ድመቷን አትግደሏት፤ ለአሥር ቀን ተዘግቶባት ትታይ። ሕክምናውን ግን የአሥሩን ቀን ውጤት በመጠበቅ አታዘግዩ።

በረንዳና መስኮትን ደግሞ በሽቦ ወንፊት ሸፍኑ። ድመት ሁልጊዜ በእግሯ ታርፋለች የሚባለው እውነት ቢኖረውም መንጋጋና ደረት ከመሰበር አያድናትም። በኮሪደሩ የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ጎረቤት ካለ በመልካም አነጋግሩት፤ ለድመቷ ብቻ ሳይሆን በደረጃው ላይ ለሚጫወቱ ሕፃናትም ሲባል።

በኬሻ ተጠቅልላ

ስንት ሰው ነው አይጡ ሲጠፋለት፣ ቤት ሲቀይር ወይም ድመቷ ስትወልድ በኬሻ አስሮ ገበያ ዳር ወስዶ የሚጥል? ከግልገልነቷ ጀምሮ ፎቅ ላይ ተዘግታ ያደገች ድመት አደን አልተማረችም፤ መኪናና ውሻም አታውቅም። እርሷን ሜዳ ላይ መጣል «ለቀቅኳት» አያሰኝም። መለየት ግድ ከሆነ ጓሮ ያለውና የሚቀበላት ሰው ፈልጉ፤ የምትበላውንና የተከተበችበትን ቀን ጭምር ነግራችሁ አስረክቡ።

ውድ አንባብያን! ለተጠማ ውሻ ውሃ የሰጠ ሰው ምንዳ እንዳገኘ ሐዲስ ያስተምረናል። ጥቂት የተቀቀለ ልብ፣ ንጹሕ ውሃ፣ በየቀኑ የሚጠረግ አሸዋና ክትባት ለቤተሰባችሁ ከባድ ካልሆነ ድመቷን በበጎ ኒያ ውሰዷት፤ ልጆቻችሁም እዝነትን ከእጃችሁ ይማራሉ። ከባድ ከሆነ ደግሞ ጓሮዋ ውስጥ ተዉአት። እዚያ በሩ ክፍት ነው፤ አላህም ሲሳይዋን አያጣትም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።